ከላይ የሚያይ ዐይን፤ የባለ አራት ክንፍ በራሪ ካሜራ አመጣጥና ዕድገት

ምድርን ከላይ ለማየት የሰው ልጅ ያለው ምኞት ከመብረር ምኞቱ ጋር እኩል ዕድሜ አለው። ከአምባ ላይ ቆሞ አገር መቃኘት፣ ከማማ ላይ ሆኖ አዝመራ መጠበቅ፣ ከተራራ ጫፍ መጪውን መንገደኛ ማማተር ሁሉ የዚሁ ምኞት መገለጫዎች ናቸው። በአገራችንም ቢሆን ይህ ስሜት እንግዳ አይደለም። የላሊበላን ቤተ ጊዮርጊስ የፈለፈሉት ጥበበኞች ሥራቸውን የጀመሩት ከላይ ነው። ከአለቱ ገጽ ተነሥተው እየጠረቡ ወደ ታች ወረዱ እንጂ ከመሠረት ተነሥተው ወደ ላይ አልገነቡም። በመሆኑም ሊጎበኘው የሚመጣ ሰው አስቀድሞ የሚያየው በሩን ሳይሆን ጣሪያውን፣ በጣሪያውም ላይ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀረጹትን መስቀሎች ነው። ይህ ሥራ ሲሠራ ፎቶግራፍም ሆነ አውሮፕላን በሰው ሐሳብ ውስጥ እንኳ አልነበረም።

ዛሬ ክብደቱ ከሁለት ኪሎ ግራም የማይበልጥ፣ አራት ትናንሽ ሞተሮችና አራት ተሽከርካሪ ክንፎች ያሉት፣ በሆዱ ካሜራ ያነገበ መሣሪያ በገዛ እጁ ገጣጥሞ የሚያበር ወጣት በብዙ አገሮች ይገኛል። ሕዝቡ በተለምዶ ‹‹ድሮን›› ይለዋል። ይህ መሣሪያ ከየት መጣ? በማን እጅ አለፈ? ለምንስ ዓላማ ዋለ? የዚህ ጽሑፍ ተግባር እነዚህን ጥያቄዎች በታሪካዊ ቅደም ተከተላቸው መመርመር ነው። ዓ.ም. የሚል ምልክት ካልተጨመረባቸው በስተቀር በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ እንዲገነዘብልን እንሻለን።

፩. ከባሉን እስከ እርግብ

ፎቶግራፍ በ1839 ለዓለም ይፋ ከሆነ በኋላ ሃያ ዓመት ሳይሞላው ወደ ሰማይ ወጥቷል። በ1858 ናዳር በሚል የብዕር ስም የሚታወቀው ፈረንሳዊው ጋስፓር ፌሊክስ ቱርናሾን ከፓሪስ አጠገብ በባሉን ተሳፍሮ የመጀመሪያውን የአየር ላይ ፎቶግራፍ አነሣ። ሥራው እጅግ አድካሚ ነበር። በዚያ ዘመን ፎቶግራፍ አንሺው መስተዋቱን ኬሚካል ቀብቶ፣ ገና እርጥብ ሳለ ምስሉን አንሥቶ፣ ሳይደርቅም ማጠብ ስለ ነበረበት ጨለማ ክፍሉን ሳይቀር ይዞ መውጣት ግድ ሆነበት። ከባሉኑ የሚያፈተልከው ጋዝ ደግሞ ኬሚካሉን እያበላሸበት ደጋግሞ ባዶ እጁን ወርዷል። በመጨረሻ የተሳካለት ፎቶግራፍም ጠፍቶ ለእኛ ዘመን አልደረሰም። እስከ ዛሬ ከተረፉት የአየር ላይ ፎቶግራፎች ሁሉ ቀዳሚው አሜሪካዊው ጄምስ ዋላስ ብላክ በኦክቶበር 13 ቀን 1860 ከባሉን ላይ ሆኖ ያነሣው የቦስተን ከተማ ምስል ነው። ይህ ፎቶግራፍ ‹‹ቦስተን፣ ንስርና የዱር ዝይ እንደሚያዩአት›› የሚል ስያሜ ተሰጥቶታል።

ባሉን ግን ውድ ነበር፤ ለመንፋትም ለማውረድም ብዙ ሰው ይፈልጋል። በዚህም ምክንያት ሰውን ምድር ላይ ትቶ ካሜራውን ብቻ የመስቀል ሐሳብ ተፀነሰ። በ1888 በደቡብ ፈረንሳይ በምትገኘው ላብሩጊየር አርተር ባቱ የተባለ ሰው ካሜራውን ከልጆች መጫወቻው ካይት ላይ አስሮ አወጣው። የካሜራውን መዝጊያ የሚያስፈነጥረው ቀስ እያለ የሚነድድ ክር ነበር፤ ክሩ ነድዶ ሲያልቅ ካሜራው ያነሣል። ባቱ በዚሁ ዘዴ ላይ በ1890 መጽሐፍ አሳትሟል። ከ18 ዓመት በኋላ ደግሞ አሜሪካዊው ጆርጅ ሎረንስ ይህንኑ መንገድ ተከትሎ በኤፕሪል 18 ቀን 1906 በምድር መንቀጥቀጥና በቃጠሎ የወደመችውን የሳን ፍራንሲስኮን ከተማ ከ600 ሜትር ያህል ከፍታ አነሣት። እርስ በርስ በተቀጣጠሉ ካይቶች የወጣው ካሜራ 22 ኪሎ ግራም ያህል ይመዝን ነበር።

በጀርመን አገር ከፍራንክፈርት አጠገብ በክሮንበርግ ይኖር የነበረው የመድኃኒት ቀማሚ ዩሊየስ ኖይብሮነር ያሰበው መንገድ ከሁሉም ይለያል። ኖይብሮነር መድኃኒት ለማመላለስ እርግቦችን ይጠቀም ስለ ነበር፣ ትንሽ ካሜራ በደረታቸው ላይ አንጠልጥሎ ሲለቃቸው በራሳቸው ጊዜ ምስል የሚያነሣ መሣሪያ ሠራ። የካሜራዎቹ ክብደት ከ30 እስከ 75 ግራም ነበር። የፈጠራ መብቱም በ1908 ተረጋገጠለት።

ከእነዚህ ሙከራዎች የምንገነዘበው አንድ ቁም ነገር አለ። የአየር ላይ ፎቶግራፍ ሦስት ጥያቄዎችን አንድ ላይ መመለስ ይጠይቃል፤ እነርሱም ካሜራውን ምን ያነሣዋል፣ ምን ያረጋዋል፣ ወዴትስ እንዲያይ ማን ያዝዘዋል የሚሉት ናቸው። ባሉን ሦስቱንም በከፊል ቢመልስም ድሀ አይደፍረውም። ካይት ከነፋስ ፈቃድ አይወጣም። እርግብም ወደ ቤቷ እንጂ ፎቶግራፍ አንሺው ወደ ፈለገው አትበርም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላን ካሜራ ተሸክሞ ሲወጣ ሦስቱም ጥያቄዎች መልስ አገኙ። ይሁን እንጂ መልሱ የተገኘው በጦር መምሪያዎች እጅ ነበር። ከዚያ ወዲህ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ምድርን ከላይ ማየት በአመዛኙ የመንግሥታት፣ የጦር ሠራዊቶችና የባለጠጎች ድርሻ ሆኖ ቆየ።

፪. አራቱ ክንፎች ሲሞከሩ

ባለ አራት ክንፍ በራሪ የዛሬ ፈጠራ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። በ1907 ፈረንሳውያኑ ወንድማማቾች ሉዊና ዣክ ብሬጌ ከፕሮፌሰር ሻርል ሪሼ ጋር ሆነው በዱዌ ከተማ ባለ አራት ተሽከርካሪ ክንፍ መሣሪያ ሠሩ። ሪሼ በ1913 በሕክምና ዘርፍ የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ሊቅ ነው። መሣሪያው ከመሬት ስድሳ ሳንቲ ሜትር ያህል ተነሣ። ነገር ግን ሚዛኑን ራሱ መጠበቅ ስላልቻለ አራት ሰዎች በአራቱ ማዕዘን ቆመው ይደግፉት ነበር። በዚህ ዓይነት መነሣቱ ቢሳካም መርጋቱ አልተሳካም።

የአራት ክንፍ ሐሳብ መሠረቱ ቀላል የተፈጥሮ ሕግ ነው። አንድ ተሽከርካሪ ክንፍ ወደ ቀኝ ሲዞር የተሸከመውን አካል ወደ ግራ ሊያዞረው ይገፋዋል። ሁለት ክንፎች ወደ ቀኝ፣ ሁለት ደግሞ ወደ ግራ ከዞሩ ግን ግፊቶቹ ይጣፋሉ፤ አካሉም ሳይዞር ይቆማል። በዚህ ላይ የአንዱን ጎን ክንፎች ፍጥነት ጨምሮ የሌላውን በመቀነስ መሣሪያውን ማዘንበል፣ በማዘንበልም ወደ ተፈለገው አቅጣጫ ማስኬድ ይቻላል። ፊቱን ለማዞር ሲያስፈልግ ደግሞ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚዞሩትን ሁለቱን ማፍጠን፣ ሌሎቹን ሁለቱን ማዘግየት በቂ ነው።

በወረቀት ላይ ቀላል የሆነው ይህ ሐሳብ በተግባር ከሰው ዐቅም በላይ ሆነ። ከሩሲያ የፈለሰው ጆርጅ ደ ቦተዛት ለአሜሪካ ጦር ሠራዊት የሠራው ባለ አራት ክንፍ መሣሪያ በዴሴምበር 18 ቀን 1922 በዴይተን ከተማ ለ1 ደቂቃ ከ42 ሴኮንድ በአየር ላይ ቆየ። ፈረንሳዊው ኤቲየን ኦሚሽን በበኩሉ በሜይ 4 ቀን 1924 አንድ ኪሎ ሜትር ዙሪያ ያለውን ጉዞ በ7 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ፈጽሞ ተነሣበት ቦታ ተመለሰ። ሆኖም የኦሚሽን መሣሪያ ከአራቱ ዋና ክንፎች ሌላ ሚዛን የሚጠብቁለትና የሚመሩት ስምንት ትናንሽ ፕሮፔለሮች ያስፈልጉት ነበር። አብራሪው በእያንዳንዷ ቅጽበት የአራቱንም ክንፎች ሁኔታ እየገመተ ማረም ስለ ነበረበት ሥራው እጅን ብቻ ሳይሆን አእምሮንም ያደክማል። ኢጎር ሲኮርስኪ ከ1939 ጀምሮ አንድ ትልቅ ክንፍና አንድ የጅራት ክንፍ ያለውን ሄሊኮፕተር ለውጤት ሲያበቃ፣ ዓለም ፊቱን ወደዚያ አዞረ፤ ባለ አራት ክንፉ በራሪም ለብዙ ዘመን ወደ ጎን ተገፋ።

፫. ሚዛን ጠባቂዋ ቅንጣት

ባለ አራት ክንፉን መልሶ ያነሣው የአየር ኢንዱስትሪው አይደለም። መልሱ የመጣው ከመኪና፣ ከመጫወቻና ከስልክ ነው።

አንድ እረኛ ዱላውን በመዳፉ ላይ አቁሞ ሲጫወት እናስብ። ዐይኑ ዱላው ወዴትና ምን ያህል እንዳዘነበለ ያያል፤ በምን ፍጥነት እየወደቀ እንደ ሆነ ይገምታል፤ ወደ አንድ ወገን ብቻ እያዘነበለ ከቆየም ያንን ያስታውሳል። እጁም ሦስቱን አስተባብሮ ይታዘዛል። ባለ አራት ክንፍ በራሪ የሚፈልገው ይህንኑ እረኛ ነበር። ልዩነቱ የበራሪው እረኛ በሴኮንድ ብዙ መቶ ጊዜ መለካት፣ ማስላትና ማረም ያለበት መሆኑ ነው። ይህንን የሚያደርግ የሰው እጅ የለም።

ከ1990ዎቹ ጀምሮ የመኪና አደጋ ሲደርስ የአየር ከረጢት እንዲፈነዳ የሚያዝዙ፣ ከሲሊከን የተቀረጹና ግጭትን የሚለኩ ጥቃቅን መሣሪያዎች በብዛት መመረት ጀመሩ። ቀጥሎም መዞርን የሚለኩ ጥቃቅን ጋይሮስኮፖች በካሜራዎች፣ በመጫወቻዎችና በእጅ ስልኮች ውስጥ ገቡ። ቀድሞ የመርከብና የአውሮፕላን ንብረት የነበረው ከባዱ ጋይሮስኮፕ ከጥፍር በማትበልጥ ቅንጣት ተተካ፤ ዋጋውም ወረደ። በዚያው ዘመን ለስልክና ለኮምፒዩተር ተብሎ የተሻሻለው የሊትየም ባትሪ ቀላልና ጉልበታም ሆነ። ካርቦን የማያስፈልጋቸው ሞተሮች ተስፋፉ። ጃፓናዊው የኪየንስ ኩባንያ በ1990 ገደማ ጋይሮስኮፕ ያለው ባለ አራት ክንፍ መጫወቻ ለገበያ ማቅረቡ የመጪው ዘመን ምልክት ነበር።

ታሪክ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። ብሬጌና ኦሚሽን የጎደላቸው የክንፍ ዕውቀት ሳይሆን እነርሱ በሕይወት ሳሉ ሊሠራ የማይችል አንድ ትንሽ ነገር ነበር። ያ ነገር ሲገኝም የተገኘው ለሌላ ዓላማ ነው።

፬. የአማተሮቹ ጠረጴዛ

የተበታተኑትን ክፍሎች አገናኝተው ካሜራ ያስወጡት በየቤታቸው ጠረጴዛ ላይ የሚሠሩ አማተሮች ናቸው። በ2005 በጣሊያን አገር በኢቭሬያ ለተማሪዎች ታስቦ የተሠራው አርዱዊኖ የተባለ ርካሽ የኮምፒዩተር ሰሌዳ ለብዙዎቹ መነሻ ሆነ። በ2006 ጀርመናውያኑ ሆልገር ቡስና ኢንጎ ቡስከር ሚክሮኮፕተር የተባለውን ባለ አራት ክንፍ በራሪ ሠርተው፣ ሌላው ሰው ገጣጥሞ እንዲያበረው መንገዱን ከፈቱ። ከሜክሲኮ ወደ ካሊፎርኒያ የመጣው ወጣት ጆርዲ ሙኞዝ የመኖሪያ ፈቃዱን በሚጠባበቅበት ጊዜ ከቴሌቪዥን ጨዋታ መቆጣጠሪያ ባወጣቸው ጋይሮስኮፖች ትንሽ ሄሊኮፕተር በራሷ እንድትረጋ አደረገ። በ2009ም ከጋዜጠኛው ክሪስ አንደርሰን ጋር ኩባንያ አቋቋመ። በ2010 በአንድ ፈረንሳዊ አማተር የተጀመረው መልቲዊ የተባለ የመቆጣጠሪያ ፕሮግራም ስሙን ያገኘው ዊ ከተባለው የጃፓን ጨዋታ ነው፤ ጋይሮስኮፑ የሚወጣው ከዚያ መጫወቻ ነበርና። እነዚህ ሰዎች ያገኙትን ዕውቀት በነፃ አከፋፈሉ። አንዱ የጻፈውን ሌላው እያረመ፣ ሦስተኛው እያሻሻለ ሥራው አደገ።

የአማተሩን የሥራ ሂደት በአጭሩ መግለጽ ተገቢ ነው። በመጀመሪያ ከእንጨት፣ ከአሉሚኒየም ወይም ከካርቦን ጭረት የመስቀል ቅርጽ ያለው አጽም ይዘጋጃል፤ ለካሜራ ተስማሚ ሆኖ የቆየው መጠን ከአንዱ ሞተር እስከ ትይዩው ሞተር 45 ሳንቲ ሜትር ያህል ያለው ነው። በአራቱ ክንዶች ጫፍ አራት ሞተሮች በብሎን ይታሰራሉ። እያንዳንዱ ሞተር የራሱ የፍጥነት መቆጣጠሪያ አለው። ሞተሩ በሦስት ሽቦዎች የሚገናኝ ሲሆን፣ ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ከዞረ ከሦስቱ ሁለቱን ማለዋወጥ ብቻ ይበቃል። መሐል ላይ የመቆጣጠሪያው ሰሌዳ ጋይሮስኮፑን ይዞ ይቀመጣል። ባትሪው እያንዳንዱ ክፍል 3.7 ቮልት ያለው ሲሆን፣ ሦስቱ ሲቀጣጠሉ 11.1፣ አራቱ ደግሞ 14.8 ቮልት ይሰጣሉ። አንዱ ክፍል ከ4.2 ቮልት በላይ መሞላት የለበትም፤ ከዚያ ያለፈ ወይም የተጎዳ ባትሪ በእሳት ሊነድድ ይችላል። ስለዚህ ጥንቁቅ ሠሪ ባትሪውን ሲሞላ ከአጠገቡ አይርቅም።

የአማተሮች የመጀመሪያ ሕግ ግን ሌላ ነው፤ ክንፎቹ ሳይገጠሙ ሞተሩን ፈትን ይላል። በደቂቃ ብዙ ሺህ ጊዜ የሚሽከረከር ክንፍ ጣት ይቆርጣልና። ክንፎቹ ሲገጠሙም እያንዳንዳቸው ሚዛናቸው ተጠብቆ መሆን አለበት። አንዱ ጎኑ በጥቂቱ ከከበደ ክንፉ ይንቀጠቀጣል፤ መንቀጥቀጡም ወደ ካሜራው ያልፋል። ዘመናዊው ካሜራ ምስሉን የሚያነብበው መሥመር በመሥመር ስለ ሆነ፣ በሚንቀጠቀጥ ካሜራ የተነሣ ግድግዳ በውኃ ውስጥ እንዳለ ጥላ ይወዛወዛል። አማተሮቹ ይህንን ድካም ያቃለሉት በክንፉ ቀላል ጎን ላይ ቁራጭ ፕላስተር በመለጠፍና ካሜራውን በለስላሳ ላስቲክ ላይ በማሳረፍ ነበር። ኋላ ላይ በራሪው ወደየትም ቢያዘነብል ካሜራውን ከአድማስ ጋር ትክክል አድርገው የሚይዙ፣ በትናንሽ ሞተሮች የሚታገዙ ማቀፊያዎች ተሠሩ።

እንደ አዲስ አበባ ባለ ከፍተኛ ቦታ ለሚያበር ሰው አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ያለው አየር በባሕር ወለል ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። ክንፉ የሚገፋው አየር በሳሳ ቁጥር ያንኑ ሸክም ለማንሣት ሞተሩ ይበልጥ መሮጥ አለበት፤ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። በባሕር ዳርቻ አገሮች ሩብ ሰዓት የሚበርር መሣሪያ በደጋ አገር ያንን ያህል እንዲቆይ መጠበቅ ስሕተት ነው። ሠሪው ወይ ሸክሙን መቀነስ፣ ወይ ክንፉን ማስረዘም ይገደዳል። የተገዛውን ዕቃ ብቻ የሚያውቅ ሰው ይህንን የሚረዳው በራሪው ከወደቀ በኋላ ሲሆን፣ በእጁ የሠራው ግን ከመብረሩ በፊት ያሰላዋል።

፭. ከሠሪነት ወደ ገዢነት

በጃንዋሪ 2010 የፈረንሳዩ ፓሮት ኩባንያ በእጅ ስልክ የሚታዘዝ፣ ካሜራ ያለው ባለ አራት ክንፍ በራሪ በላስ ቬጋስ ለሕዝብ አሳየ። በ2006 በቻይና በሸንጀን ከተማ በፍራንክ ዋንግ የተመሠረተው ዲጄአይ ደግሞ በጃንዋሪ 2013 ፋንተም የተባለውን አቀረበ። ፋንተም ከካርቶኑ ወጥቶ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ለመብረር የተዘጋጀ፣ በሳተላይት እየታገዘ ባለበት የሚቆም፣ የሬዲዮ ግንኙነቱ ሲቋረጥም ወደ ተነሣበት የሚመለስ ነበር። ገበያው በአጭር ጊዜ ተለወጠ። ከአማተሮች ጠረጴዛ የወጣው የካሊፎርኒያው ኩባንያ ውድድሩን ስላልቻለ በ2016 በራሪ መሥራቱን ተወ።

ይህንን ለውጥ በአንድ ወገን ብቻ ማየት አይገባም። ሽቦ መበየድ የማያውቁ የፊልም ባለሙያዎች፣ የአርኪዮሎጂ ተመራማሪዎች፣ የግብርና ሠራተኞችና የሠርግ ፎቶግራፍ አንሺዎች ሳይቀሩ ቀድሞ ሄሊኮፕተር ይከራዩበት የነበረውን እይታ በጥቂት ገንዘብ አግኝተዋል። ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። በሌላ በኩል ግን ዕውቀቱ ከሠሪው እጅ ወጥቶ በታሸገ ሣጥን ውስጥ ተቀብሯል። የበራሪው ባለቤት መሣሪያው ለምን እንደ ረጋ አያውቅም፤ ሲታመምም ማከም አይችልም። የት መብረር እንዳለበትና እንደሌለበት ሳይቀር ፋብሪካው በፕሮግራም ሊወስንለት ይችላል። ደግነቱ የአማተሮቹ ውርስ ጨርሶ አልጠፋም። አርዱፓይለትን የመሳሰሉ ማንም ከፍቶ ሊያነብባቸውና ሊያርማቸው የሚችላቸው የመቆጣጠሪያ ፕሮግራሞች ዛሬም በየጊዜው እየተሻሻሉ ይሠራሉ፤ መማር ለሚፈልግም በሩ ክፍት ነው።

፮. በኢትዮጵያ ሰማይ

ከላይ የሚያየው ዐይን በአገራችን ሰማይ ላይ የራሱ ታሪክ አለው። በ1934 ስዊዛዊው አብራሪና ፎቶግራፍ አንሺ ዋልተር ሚተልሆልዘር ለንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ የተገዛ የፎከር አውሮፕላን ይዞ ወደ ኢትዮጵያ በመጣ ጊዜ አገሪቱን ከአየር ላይ ፎቶግራፍ አንሥቷል። ያ ጉዞ የሰላም ጉዞ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ሌላ ነው።

በ1928 ዓ.ም. የፋሺስት ኢጣልያ ጦር ድንበር ጥሶ ሲገባ አውሮፕላኖቹ ቦምብና የመርዝ ጋዝ ብቻ ሳይሆን ካሜራም ይዘው ነበር። ከወረራው ጀምሮ እስከ ወረራው ዘመን ፍጻሜ ድረስ የኢጣልያ የካርታ ባለሙያዎች ሰፊ የአገሪቱን ክፍል ከላይ አንሥተዋል። ተራራው፣ ወንዙ፣ እርሻው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደን፣ የገበሬው ጎጆ ሁሉ በፎቶግራፉ ላይ ታየ። የታየውም ሊያዝና ሊገዛ ነው። ከታች ቆሞ ወደ ላይ የሚያየው ገበሬ የአውሮፕላኑን ድምፅ ሰምቶ ይሸሽ ነበር እንጂ ምስሉ እየተወሰደ መሆኑን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

እነዚያ ፎቶግራፎች አልጠፉም። በቀድሞው የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ኤጀንሲ ግምጃ ቤት 8,281 የፎቶግራፍ ሰሌዳዎች ተገኝተዋል። በእያንዳንዱ ሰሌዳ ላይ በቀጥታ ወደ ታች የተነሣ አንድ፣ ወደ ጎን አዘንብለው የተነሡ ደግሞ ሌሎች ሦስት ፎቶግራፎች ተለጥፈዋል። ኢትዮጵያውያንና የውጭ አገር የጂኦግራፊ ተመራማሪዎች ሰሌዳዎቹን ወደ ኮምፒዩተር አስገብተው የሰማንያ ዓመት በፊቱን ደን፣ እርሻና የወንዝ ዳር ከዛሬው ጋር ለማነጻጸር ተጠቅመውባቸዋል።

እዚህ ላይ አንድ የሚደንቅ ግንኙነት እናገኛለን። አንድ አማተር ዛሬ በባለ አራት ክንፍ በራሪው አንድን ማሳ ወይም አንድን ጥንታዊ ፍርስራሽ ሲያነሣ፣ እያንዳንዱ ፎቶግራፍ ከቀጣዩ ጋር በሰፊው እንዲደራረብ ያደርጋል። አንዱ ድንጋይ ከተለያየ ቦታ በብዙ ፎቶግራፎች ላይ ስለሚታይ ኮምፒዩተሩ ልዩነቱን አስልቶ የቦታውን ከፍታና ዝቅታ መልሶ ይሠራል። የ1928 ዓ.ም. ፎቶግራፎችም ተገጣጥመው ካርታ የሆኑት በዚሁ ስሌት ነው። ለመውረር የተነሣው ምስል መሬትን ለማዳን ለሚደረገው ጥናት መረጃ ሆኗል። ምስሉ ያው ነው፤ የተለወጠው የያዘው እጅና የተጠየቀው ጥያቄ ነው።

፯. የሚያየው ሰው ኃላፊነት

ባለፉት ዓመታት ‹‹ድሮን›› የሚለው ቃል በአገራችን ጆሮ ከጦርነትና ከሐዘን ጋር ተያይዞ ተሰምቷል። አንዲት እናት በሰማይ ላይ የክንፍ ጩኸት ስትሰማ ልጆቿን ወደ ቤት ብታስገባ አይፈረድባትም። ስለዚህ ፎቶግራፍ ለማንሣት የሚወጣ ሰው ይህንን ፍርሃት ማወቅና ማክበር አለበት። በራሪ ለማስገባትም ሆነ ለማብረር የመንግሥት ፈቃድ አስፈላጊ መሆኑ የታወቀ ነው። ከፈቃዱ ሌላ ግን በወረቀት ላይ ያልተጻፈ ግዴታ አለ። ይኸውም ከማንሣቱ በፊት ለአካባቢው ሰው ምን እንደሚያደርግ መንገር፣ በሕዝብ ራስ ላይ አለማብረር፣ የሰውን ግቢ ያለ ፈቃዱ አለመመልከት፣ ከሁሉም በላይ የተነሣውን ምስል መልሶ ለባለቤቱ ማሳየት ነው።

ለኪነ ጥበብ ሰው ደግሞ ሌላ ፈተና አለ። ከላይ ሲታይ ምድር ሁልጊዜ ታምራለች። የተሸረሸረው መሬት የሐረግ ጌጥ ይመስላል፤ ጎርፍ የወሰደው ማሳ የጥልፍ ሥራ ይሆናል፤ ሰልፍ የቆሙ ችግረኞች በነጠላቸው ንጣት ምክንያት በሣር ላይ የተበተኑ አበቦች ሆነው ይታያሉ። ሰው ከመቶ ሜትር ከፍታ ፊት የለውም፤ ጥላው ብቻ ነው የሚታየው። ሠዓሊውም ሆነ ፎቶግራፍ አንሺው በዚህ ውበት ከተማረከና እዚያው ከቀረ ያየው ነገር ግማሽ ነው። ጠዋትና ማታ ፀሐይ ስታዘነብል ጥላው ረዝሞ የምድሩን ቅርጽ ያወጣል ብሎ ሰዓቱን የሚመርጥ ባለሙያ፣ ያ ጥላ የማን እንደ ሆነ ለመጠየቅም ጊዜ ሊኖረው ይገባል።

መምህራን ከዚህ ታሪክ የሚያገኙት ትምህርት ቀላል አይደለም። አንድ ባለ አራት ክንፍ በራሪ በተማሪዎች እጅ ሲገጣጠም የፊዚክስ፣ የሒሳብ፣ የኤሌክትሪክና የጂኦግራፊ ትምህርት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይገናኛሉ። ተማሪው ገዝቶ ካበረረው የሚማረው ማዘዝን ብቻ ነው፤ ሠርቶ ካበረረው ግን ምክንያትን ይማራል። የሥራ መሪዎችም ቢሆኑ ከላይ የተነሣ የአንድ ተፋሰስ ምስል በቢሮ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ጌጥ፣ በገበሬው ፊት መሬት ላይ ሲዘረጋ ግን የውይይት መነሻ እንደሚሆን ሊያስተውሉ ይገባል። እርከኑ የት እንደ ፈረሰ፣ ምንጩ ለምን እንደ ደረቀ ካሜራው አሳይቶ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱን የሚያውቀው ግን እዚያ የሚኖረው ሰው ነው።

በአጠቃላይ ከናዳር ባሉን እስከ ዛሬው በራሪ ድረስ ያለፈው ከመቶ ስድሳ ዓመት የበለጠ ጊዜ የሚያሳየን፣ ከላይ የማየት ዐቅም ከጥቂቶች እጅ ወጥቶ ወደ ብዙዎች እጅ መድረሱን ነው። ይህ ዐቅም በእጃችን ከገባ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ ከፍታ ሳይሆን አጠቃቀም ነው። በመግቢያችን ያነሣናቸው የላሊበላ ጥበበኞች ሥራቸውን ከላይ ጀመሩ፤ እዚያው ግን አልቀሩም። መዶሻና መሮአቸውን ይዘው እስከ ወለሉ፣ ሰው እስከሚገባበት በር ድረስ ወረዱ። ካሜራውን ወደ ሰማይ የሚሰድድ የዘመናችን ጥበበኛም ሥራው የሚፈጸመው በራሪው ወርዶ ክንፎቹ ሲቆሙ፣ እርሱም ምስሉን ይዞ ወደ ሰዎቹ ሲሄድ ነው።